ኳሱ ፍርድ ቤት ሲደርስ፦ በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ፍንጭ መስጠት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን የውጭ ሰው ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ አይደለም፣ ግን ጥሩ ይናገራል። በእኔ መስመር ያሉት ልጆች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሁለት ወር ዘገየባቸው። ፊት ለፊት መጠየቁ ድፍረት መሰለኝ። ከቴሌግራም ላይ ወደ ሦስት መቶ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በቃሌ ይዣለሁና በእነሱ ጠቆም ላደርገው አሰብኩ። መጀመሪያ ‹ኤ ሊትል በርድ ቶልድ ሚ› (ትንሽ ወፍ ነገረችኝ) ብዬ ሠራተኛው ማጉረምረሙን ጻፍኩለት። ‹ማን ነው የነገረህ? ስሙን አምጣ› አለኝ። በሳምንቱ ‹ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት› ብዬ ላክሁ። ቢሮ ጠራኝና ‹ፍርድ ቤት ልትወስደኝ ነው?› አለኝ። መዝገበ ቃላት አይቻለሁ፣ ፈሊጦቹ ልክ ናቸው። ጥፋቴ ምንድን ነው? ሳላስቀይም በእንግሊዝኛ ፍንጭ ለመስጠት የትኛውን ፈሊጥ ልጠቀም? ‹አይል ቤር ኢት ኢን ማይንድ› ሲለኝስ ምን ልመልስ?»

ምላሽ፦ የትኛውንም አትጠቀም። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸህም፣ ፈሊጦቹም ልክ ናቸው። አንተ ግን ፈሊጥ የማይሠራውን ሥራ ነው ያዘዝካቸው።

ስህተቱ ያንተ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እዚህ ጋ የሚወድቁት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ጎበዞቹ ናቸው። ፈሊጥን እንደ ሰምና ወርቅ ያዩታል። ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ግን አይገናኙም። ሰምና ወርቅን ተናጋሪው ራሱ ይሠራዋል። ባለቅኔው ሰሙን ከላይ ያለብሳል፣ ወርቁን ይቀብራል፤ ሰሚው «ቆይ፣ ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ይቆፍራል። ፈሊጥ ግን ድሮ ተቆፍሮ ያለቀ ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብልህ ዳባው የት እንዳለ አትጠይቀኝም። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆኑ ወዲያው ይገባሃል። የሚቆፈር ነገር የለም። ስለዚህ ፈሊጥ ፍንጭ አይደለም። ጌጥ ያደረገ ቀጥተኛ ንግግር ነው።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከተራው ንግግር ይከፋል። ለአለቃህ «ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም መሰለኝ» ማለትና «ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ» ማለት አንድ ነው? ሁለተኛው ጥፊ ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያው። «ቱ ተርን ኤ ብላይንድ አይ» የሚለውን ብዙዎች የሚያያይዙት ከእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ጋር ነው። በ1801 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ጦርነት ላይ ከበላዩ የመጣበትን የማፈግፈግ ምልክት ላለማየት መነጽሩን በታወረው ዐይኑ ላይ አደረገ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል። ለሥራ አስኪያጅህ ስትጽፈው ግን ኔልሰን አብሮ አይሄድም። የሚደርሰው «አውቀህ ዐይንህን ጨፈንክ» የሚለው ክስ ብቻ ነው።

ወፏን እንያት። ይቺ ፈሊጥ ላንተ እንግዳ ልትሆን አይገባም። በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 10 ቁጥር 20 ላይ ንጉሥን በልብህም አትሳደብ፣ የሰማይ ወፍ ቃሉን ይወስደዋል የሚል አለ። ብዙ ሰው እንግሊዝኛውን ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። በእኛም «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወፏን የሚጠራት ለምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ ልብ በል። «ወፍ ነገረችኝ፣ ነገ ልደትሽ ነው አሉ።» «ወፍ ነገረችኝ፣ ዕድገት አገኘህ አሉ።» ለጨዋታ ነው። ምንጩን መደበቁ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። አንተ ወፏን ይዘህ የገባኸው ቅሬታ ውስጥ ነው። ቅሬታ ውስጥ ስትገባ ወፏ ጆሮ ጠቢ ትሆናለች። አለቃው የሰማው ስለ ክፍያው አይደለም። «ፋብሪካዬ ውስጥ የሚያወራ ሰው አለ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ወፏን ማደን ጀመረ። ልጆቹን ልታግዝ ሄደህ ለአደጋ አጋልጠሃቸዋል። ከሁለቱ መልእክቶችህ የባሰው ይሄ ነው።

ኳሷ ደግሞ ከቴኒስ የመጣች ናት። «ኮርት» የሚለው ቃል የመጫወቻ ሜዳም ነው፣ ፍርድ ቤትም ነው። ፈሊጡን የማያውቅ ሰው የክፍያ ነገር በተነሳበት ደብዳቤ ውስጥ «ኮርት» ሲያይ ወደየትኛው እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። አልፈርድበትም። ግን ቢገባውም ኖሮ ደስ አይለውም ነበር። ትርጉሙ «እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው» ነው። እኩያ ለእኩያ ሲለው ደህና ነው። የበላይ ለበታች ሲለውም ያስኬዳል። ከታች ወደ ላይ ሲወረወር ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። በአማርኛ «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» ብለህ በር ዘግተህ እንደመውጣት ቁጠረው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። «ዊዝ ኦል ዲው ሪስፔክት» ቃል በቃል «ከአክብሮት ጋር» ነው። የለመደ ጆሮ ግን ቀጥሎ ዱላ እንደሚመጣ ያውቃል። «ፐር ማይ ላስት ኢሜይል» የሚለው «ነግሬህ አልነበር?» ነው። «ዚ ኤለፋንት ኢን ዘ ሩም» ሁሉም እያወቀው ማንም የማያነሳው ነገር ነው። እሱን መጥራት «አሁን በግልጽ ላወራ ነው» ብሎ ማወጅ ነው፣ የፍንጭ ተቃራኒ። አንድ ሠልጣኜ ስብሰባ ላይ ይህን ዝሆን ሲጠራ ልክ በዚያው ቅጽበት ወፈር ያሉ ኃላፊ በሩን ከፍተው ገቡ። ስብሰባው እንዴት እንዳለቀ አትጠይቀኝ።

ታዲያ ፍንጭ በምን ይሠራል? ፍንጭ የሚገባው ሰሚውና ተናጋሪው አንድ ነገር አብረው ሲያውቁ ነው። እሑድ በጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መንዝ ከሆነ ባናቸውን ደርበው፣ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ደጃፍ ቆሙ እንበል። ግቡ ተብለው ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳይ አለን» ብለው ቆሙ። አባትየው ገና አንድ ቃል ሳይሰማ ሁሉን ጨርሶ አውቋል። ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ቢያወሩም ግድ የለም። ፍንጩ ቃሉ ውስጥ አይደለም። ቀኑ፣ አለባበሱ፣ አቋቋሙ ውስጥ ነው። ያንን ሥርዓት አባትየው ያውቀዋል፣ አባቱም ያውቀዋል። አንተና ሥራ አስኪያጅህ እንዲህ ያለ የጋራ ነገር አላችሁ? የላችሁም። ያላችሁ የጋራ ነገር የምርት ዕቅድና የክፍያ መዝገብ ነው።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እዚሁ መንዝ ውስጥ ኖሮ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል። ድርብ ንግግር ለአማራው ገበሬ ቅኔ ብቻ ሳይሆን የኑሮ ዘዴም መሆኑን ጽፏል። ይህ ልማድ ዘመናዊ ሥራ ከሚፈልገው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭም ያን ጊዜ አንስቶታል። በሁሉም አልስማማም። ስለ ስፌት መስመርህ ግን ሳያየው ነው የተናገረው።

እንግሊዝኛ ፍንጭ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፣ ያውም ክፉ። ግን የሚቀመጠው ፈሊጥ ውስጥ አይደለም። ፖል ግራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1967 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ በሰጠው ንግግር ይህን በጥሩ ምሳሌ አሳይቷል። አንድ መምህር ለፍልስፍና ሥራ ለሚያመለክት ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግሩም ነው፣ ክፍልም አይቀርም ይላል። አበቃ። ስለ ፍልስፍና ችሎታው አንድ ቃል የለም። አንባቢው «ይሄ ልጅ አይሆንም» ብሎ ይረዳል። መምህሩ ግን ክፉ ቃል አልተናገረም። ፍንጩ ያለው መጻፍ የነበረበት ነገር በመቅረቱ ነው። እኛም «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የሥራ ልምድ ወረቀት ስናይ የሥራ ዘመኑና ደመወዙ ተጽፎ ስለ ጠባዩ ዝም ሲባል ቅንድባችንን እናነሳለን። ያው ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሰዋስው ነው። «አይ ዋዝ ወንደሪንግ» (እያሰብኩ ነበር) ስትል ግሡ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሄደ፤ የምታስበው ግን አሁን ነው። ያ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ትህትና ነው፣ እኛ «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» እንደምንለውጠው ያለ። ሦስተኛው ማሳነስ ነው። «ኢትስ ኤ ቢት ሌት» (ትንሽ ዘግይቷል) ማለት ብዙ ጊዜ «በጣም ዘግይቷል» ነው። «ኖት አይዲያል» ማለት «መጥፎ ነው» ነው። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው፣ ቴሌግራም ላይ በሥዕል አጅቦ የሚያወጣቸው የለም። ሥራውን የሚሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

ወደ አንተ ሲመጡም ለይተህ እወቃቸው። አለቃ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዚስ አጌን» ብሎ ከጻፈልህ «ከፈለግክ ድጋሚ እየው» አላለህም። እየው ነው ያለህ። ውጫሌን አስታውስ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፣ መዘዙም አድዋ ድረስ ሄደ። ያኔ ይቻላልና ግድ ነው በሁለት ቋንቋ ተለያይተው ተቀመጡ። በእንግሊዝኛ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም በአንዲት «ማይት» ውስጥ ተደርበው ይኖራሉ።

ከፈሊጥ ዘመዶች አንድ ወገን ለፍንጭ ይሆናል። ጎደሎ ተረት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ዌል፣ ኢፍ ዘ ካፕ ፊትስ...» ብሎ ያቆማል። አሜሪካዊው በባርኔጣው ፈንታ ጫማ ያደርግበታል። «ልክህ ከሆነ አድርገው» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይጨርሳል። «ቱ ሜኒ ኩክስ...» (ወጥ ሠሪ ሲበዛ...) ብሎ ዝም ካለም ወጡ እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃል። እኛስ «አህያውን ፈርቶ...» ብለን ዝም እንል የለ? «ዳውላውን» የሚለውን ሰሚው ይሞላዋል። «ኤ ወርድ ቱ ዘ ዋይዝ» የሚለውም ዘመዳቸው ነው፤ በእኛ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይሆናል። እነዚህ የሚሠሩት ቀሪው ግማሽ በሰሚው ራስ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ነው። ለሥራ አስኪያጅህ «አህያውን ፈርቶ» ብትለው አህያ ፍለጋ መስኮት ይከፍታል። «ቱ ሜኒ ኩክስ» ብትለውም ስለ ካፌው ምግብ ያወራህ ሊመስለው ይችላል።

እዚህ ላይ ጥያቄህ ውስጥ እንደ ቀላል ያለፍከውን ነገር ላንሳው። እንግሊዝኛ አፉን አልፈታበትም ብለሃል። ያንተም አይደለም። ሁለታችሁም የምትገናኙት በተውሶ ቤት ነው። ፈሊጥን ከእናቱ ያልሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የቃሉን ጥሬ ትርጉም ነው፤ ኳስ ኳስ ነው፣ ኮርት ፍርድ ቤት ነው። «በራሱ ቋንቋ ልንገረው» የሚባል ነገር ከመነሻው የለም።

ነገሩ ለሸዋ አዲስ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ ሲያስተረጉምላቸው የነበረው ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። የለንደን ጨዋነት በጀርመን ሰው አፍ አልፎ አማርኛ ሆነ። የወዳጅነትና የንግድ ውሉ በዚያው ዓመት ተፈረመ። ስንት አሽሙርና ስንት ሽንገላ መንገድ ላይ እንደቀረ አስበው።

አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ቢሆኑ እርስ በርስ ይሳሳታሉ። እንግሊዛዊ ሥራህን «ኩዋይት ጉድ» ካለው ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ግን...» ማለቱ ነው። አሜሪካዊ ካለው በጣም ጥሩ ነው። አጀንዳን «ቴብል» ማድረግ ለንደን ላይ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማቆየት ነው። ስለዚህ «ፈረንጅ እንዲህ ይላል» የሚልን ሁሉ አትመን፤ የትኛው ፈረንጅ በል።

አሁን ወደምልህ ልምጣ። አሽሙሩን፣ ሾርኔውን፣ ዙሪያ ጥምጥሙን ተው። ይሉኝታህን ግን አትጣለው፤ ቦታውን ቀይርለት። ከቃሉ አውጣውና ሰዓቱና ቦታው ላይ አስቀምጠው። ሰው ፊት አትጠይቀው። የማጓጓዣ ቀን የደረሰበት ሰዓት ላይ አትሂድ። በጽሑፍ አትጀምር፣ ምክንያቱም ጽሑፍ ድምፅና ፊት የለውም፤ ለስላሳ ያልከው ሻክሮ ይደርሳል። መጀመሪያ «ነገ አሥር ደቂቃ ሊኖርዎት ይችላል?» በለው፤ በእንግሊዝኛው «ኩድ አይ ሃቭ ቴን ሚኒትስ ቱሞሮ?» ይበቃል። ይቺ የሽማግሌዎቹ «ጉዳይ አለን» ናት። ቁም ነገር እንደመጣ ትነግረዋለች፣ ለመዘጋጀትም ጊዜ ትሰጠዋለች።

ስትገባ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዘህ ግባ። የሁለቱ ወራት የትርፍ ሰዓት ገና አልተከፈለም። የሠራተኞቹ ብዛትና ሰዓቱ እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ለልጆቹ የምነግራቸው ቀን ማወቅ እፈልጋለሁ። በቃ። «ማን እንደነገረኝ» የሚባል ነገር የለም፤ ሱፐርቫይዘር ስለሆንክ መዝገቡ በእጅህ ነው፣ ወፍ አያስፈልግህም። ማለስለሻ ካስፈለገህ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ» ጨምርበት። «ከመጣችሁ ጀምሮ እንዲህ ናችሁ» ዓይነት ነገር አትጨምር። ከወጣህ በኋላ የተባባላችሁትን በሁለት መስመር ኢሜይል አድርገህ ላክለት። ጽሑፍ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ድፍረት መሰለኝ ያልከውንም እንደገና አስበው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ችሮታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሒሳቡን ቆርጦ አስቀምጦታል፦ በመደበኛ ቀን የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ሕግ በቁጥር የጻፈውን ነገር በፍንጭ መጠየቅ አድማጩን «ይሄ ሰው ልመና ላይ ነው» ያስብለዋል። ፍንጭ የሚያምረው መብት ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ወንበር እንዲቀየርልህ ስትፈልግ፣ የሻይ ሰዓት እንዲረዝም ስትፈልግ፣ ያኔ «ኢትስ ኤ ቢት ኮልድ ባይ ዘ ዶር» (በሩ አጠገብ ትንሽ ይበርዳል) ብለህ ተንፍስ። በደብረ ብርሃን ብርድ ይሄኛው ፍንጭ ሳይገባው አይቀርም።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ተቆጥቶ ሲጠይቅህ «ኦ፣ ኢት ኢዝ ጀስት አን ኢዲየም» (ፈሊጥ እኮ ነው) ብለህ አታስተምረው። አለቃን በተውሶ ቋንቋ ማስተማር ጠብ ነው። «አጻጻፌ ጥሩ አልነበረም፣ ለማለት የፈለግኩት የክፍያውን ቀን ማወቅ እፈልጋለሁ ነው» በልና እለፍ። እስካሁን ይህን ካላልከው ነገ በዚሁ ጀምር። ሁለተኛ፣ ወፏን የሚያድነውን አለቃ ወደ እነዚያ ልጆች እንዳትመራው። ስም ካስጨነቀህ «ከመዝገቡ ነው ያየሁት» በል። እውነትም ስለሆነ።

ሦስት መቶዎቹን ፈሊጦች አትሰርዛቸው። ለማንበብና ለመስማት ይሆኑሃል። ሰው ሲላቸው እንዲገቡህ ያዛቸው። አንተ የምትላቸው ደግሞ ሌላው ሰው መጀመሪያ ሲላቸው የሰማኻቸውን ብቻ ይሁን፤ እሱ ካለው ይገባዋል ማለት ነው።

«አይል ቤር ኢት ኢን ማይንድ» ስላልከው፦ ቃሉ «ልብ እለዋለሁ» ነው። እንግሊዝ ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ረስቼዋለሁ በለው» ማለት ነው። ያንተ ሰው ግን እንግሊዛዊ ስላልሆነ የምሩን ሊሆን ይችላል። ከፊቱ ለማንበብ አትሞክር። ፈገግ በልና «ታንክ ዩ፣ ሹድ አይ ካም ባክ ኦን ፍራይዴይ?» (አመሰግናለሁ፣ ዓርብ ልመለስ?) በለው። ዓርብ ሲደርስ ያንኑ ወረቀት ይዘህ ተመለስ።